የከንቲባዎች ስብሰባና የኮዬ ፈጬ ጭስ

ባለፈው እትም ስለ ዝናቡ መዛባት በሁለት መስመር ጣል ያደረኳት ነገር ይሄን ሁሉ ደብዳቤ ታዘንባለች ብዬ አልጠበኩም። በቴሌግራምም በፖስታም (አዎ፣ አሁንም በፖስታ የሚልክ ሰው አለ፣ እግዜር ይስጠው) የመጣው ብዙ ስለሆነ የሚመሳሰሉትን አጣምሬ አራት መርጫለሁ። የመጀመሪያዋ ትረዝማለች፣ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። እኔ ኮዬ ፈጬ ኮንዶ ነው የምኖረው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ። ሰሞኑን ቲቪ ላይ የትልልቅ ከተማ ከንቲባዎች የሙቀት አማቂ ጋዝ ለመቀነስ ተባበሩ ምናምን ሲባል ሰማሁ፣ ኮፕ32 የሚባለው የአየር ንብረት ስብሰባ ደሞ በፈረንጆቹ 2027 እኛው ጋ ነው አሉ። ደስ ይላል። ግን ከብሎካችን ጀርባ ያለው ገንዳ ሞልቶ ሲፈስ ሰው ማታ ማታ እሳት ይለቅበታል፣ ጭሱ አራተኛ ፎቅ ድረስ ገብቶ ትንሿን ልጄን ሲያስላት ነው የሚያድረው። ጠዋት ደሞ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የታክሲ ሰልፍ። እና የለንደን ከንቲባ ከኛ ከንቲባ ጋር መጨባበጡ ለኔ ምን ያደርግልኛል? እንዳይቀየሙኝ፣ የምር ጨንቆኝ ነው።
የሁለት ልጆች እናት፣ ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ እህቴ፣ ምን ያስቀይመኛል። እኔም እኮ የዳር አገር ሰው ነኝ፣ ቤቴ ካራ ቆሬ ነው፣ ነፋሱ ፊቱን ያዞረ ቀን የቆሼ ሽታ ሳይጠራ ነው ሳሎኔ የሚገባው። ጥያቄሽ የኔም ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ሰዎቹን ምን አገናኛቸው የሚለውን ልንገርሽ። በፈረንጆቹ 2005 የካቲት ላይ የሙቀት አማቂ ጋዝ ለመቀነስ አገሮች የተፈራረሙት የኪዮቶ ስምምነት ስራ ላይ ሲውል የአሜሪካ መንግስት የለሁበትም ብሎ ነበር። የሲያትል ከንቲባ የነበረው ግሬግ ኒክልስ ደሞ መንግስት ባይገባ እኛ እንገባለን ብሎ ተነሳ፣ ስምምነቱን ያፀደቁት አገሮች 141 ስለነበሩ እሱም 141 ከንቲባ አስፈርማለሁ አለ፣ ኋላ ላይ ከሺህ አለፉ። እዛው አመት ጥቅምት ላይ የለንደኑ ከንቲባ ኬን ሊቪንግስተን 18 ትልልቅ ከተሞችን ለንደን ላይ ሰበሰበ፣ በአመቱ 40 ደረሱና ሲ40 የሚለው ስም ከዛ መጣ። ዛሬ መቶ ሊሞሉ ምንም አልቀራቸውም፣ አዲስ አበባም አለችበት፣ ስሙ ግን 40 እንዳለ ቀረ፣ ልክ ረዳቱ "ሁለት ሰው የቀረው" ብሎ ስድስት እንደሚጭነው ማለት ነው።

ለምን ከንቲባ ካልሽ፣ የአገር መሪዎች ተሰብስበው ስለ 2050 ያወራሉ፣ የቆሻሻ መኪናው ማክሰኞ መጣ አልመጣ የሚለው ግን የከተማ ጉዳይ ነው። አውቶቡስ፣ ቆሻሻ፣ የመንገድ መብራት፣ የግንባታ ፈቃድ፣ እነዚህ በአብዛኛው ከተማው እጅ ናቸው፣ አለም ላይ ከኃይል አጠቃቀም ከሚወጣው ካርቦን ደሞ 70 በመቶ አካባቢ የሚሆነው ከከተሞች ነው የሚመጣው።

ትብብሩ ምንድነው የሚሰራው? በቅድሚያ መኮራረጅ ነው፣ ሲያሳምሩት ልምድ ልውውጥ ይሉታል። ሎስ አንጀለስ ወደ 140 ሺህ የመንገድ መብራቷን ኤልኢዲ ስታደርግ ፍጆታው ከግማሽ በላይ ወረደ፣ ሌሎቹ ሂሳቡን አይተው ተከተሉ። የቻይናዋ ሼንዘን በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ 16 ሺህ ያህል አውቶቡሶቿን በሙሉ ኤሌክትሪክ አደረገች፣ ከዛ በኋላ "ኧረ አይቻልም" ይል የነበረ ሁሉ ድምፁን ቀነሰ። አንድ ላይ ሆኖ መግዛትም አለ፣ ያው የሰፈር ሴቶች ተዋጥተው ጤፍ በጅምላ እንደሚያስመጡት፣ ብዙ ሆነሽ ስትጠይቂ ነጋዴው ዋጋ ይሰብራል። የቀረው መተፋፈር ነው። ቅጣት የለው፣ ፖሊስ የለው። ኮፐንሃገን በፈረንጆቹ 2025 ከካርቦን ነፃ እሆናለሁ ብላ ስንት አመት ስታወራ ከርማ በ2022 አልደረስኩም አለች፣ ማንም አላሰራትም፣ ግን አለም ሁሉ አየ። እኔ በበኩሌ ይሄኛው ደካማ ነው ባይ ነኝ፣ ሃፍረት የሚሰራው የሚያፍር ሰው ላይ ነዋ።

አሁን ወደ ጭሱ። የኛ ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው፣ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የጫት ገረባ። ይሄ ተከምሮ አየር ሲያጣ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ሚቴን ደሞ በ20 አመት ሂሳብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ያህል ነው የሚያሞቀው። እንዲህ እንዳንቺ ሰፈር እሳት ሲለቁበት ደሞ እርጥቡ በደንብ አይነድም፣ ይጨሳል፣ ፌስታሉና ፕላስቲኩ አብሮ ይቀልጣል፣ ልጅሽን የሚያስላት እሱ ነው።

ቆሼ ከ50 አመት በላይ እንዲሁ ሲከመር የኖረ ተራራ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ቅዳሜ ማታ ተንዶ እዛው ስር የሚኖሩ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ። ያን ሰሞን ካራ ቆሬ ድንኳን ያልተጣለበት መንገድ አልነበረም፣ ዛሬም በዛ ሳልፍ አይኔን አዞራለሁ።

የጥያቄሽ መልስ እንግዲህ ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር ነው። ጃፓን ውስጥ ፉኩኦካ የምትባል ከተማ አለች። እሷም አንድ ሰሞን ቆሻሻ መጣያዋ ሲያስቸግራት፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ከዩኒቨርሲቲዋ ጋር ሆና አንድ ዘዴ አወጣች። ነገሩ በጣም ቀላል ነው። ከክምሩ ስር የተበሳሳ ቱቦ ከጠጠር ጋር ይዘረጋል፣ የቱቦው ጫፍ ውጪ ክፍት ነው። ቆሻሻ ሲበሰብስ ይሞቃል (የፍግ ክምር ውስጥ እጁን የከተተ ያውቀዋል)፣ ሙቁ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በቱቦው ወደ ውስጥ ይሳባል፣ በቃ ክምሩ ራሱ ይተነፍሳል፣ አየር ካገኘ ሚቴኑ ይቀንሳል፣ ጥቁሩ ፈሳሽም ውስጥ ታቁሮ ከመቅረት በቱቦው ይወርዳል። ሞተር የለ ፓምፕ የለ፣ ቱቦ ያጡ ቦታዎች በቀርከሃ ሰርተውታል። ከአደጋው በኋላ ቆሼ ላይ ይሄው የፉኩኦካ ዘዴ በጃፓን ድጋፍ በዩኤን ሀቢታት (የተባበሩት መንግስታት የከተሞች ድርጅት) በኩል ተሰርቷል። በዛው የአደጋው ሰሞን፣ በፈረንጆቹ 2017 ሚያዝያ፣ ማፑቶ ላይ የአፍሪካ ከተሞች ስለ ቆሻሻ የሚመካከሩበት መድረክ ሲቋቋም ከጃፓን መንግስት ጎን ዮኮሃማ የምትባለው ከተማም ነበረችበት። አየሽ፣ አንዳንዴ መጨባበጡ ቱቦ ሆኖ ይመጣል። ቱቦ ሆኖ ሲመጣ ደስ ይለኛል፣ ፎቶ ሆኖ ሲቀር ነው የሚያናድደኝ።

ረጲ ላይ ነሐሴ 2010 ዓ.ም የተመረቀው የቆሻሻ ማቃጠያና የኤሌክትሪክ ማመንጫስ ትዪኝ ይሆናል። በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል የታሰበ ትልቅ ስራ ነው፣ አውሮፓ በዚህ አይነት ምድጃ ስንት ከተማ ታሞቃለች። ግን የአውሮፓ ቆሻሻ ካርቶንና ፕላስቲክ የበዛበት ደረቅ ነው፣ የኛ ደሞ እርጥብ። እርጥብ እንጨት ይዞ ምድጃ ስር ያፈጠጠ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ሲኮረጅ እንደዚህ አይነቱ ነገር ነው የሚረሳው።

እና ላንቺ ዛሬ ማታ ምን ያደርግልሻል? እውነቱን ልንገርሽ፣ ምንም። ያንቺ ቆሻሻ ቆሼ ሳይደርስ ነው እዛው የሚነደው። ስለዚህ ከንቲባዎቹን ተያቸውና ከብሎክ ኮሚቴው ጀምሪ። እኛ ሰፈር የሰራነው እንዲህ ነው፣ እርጥቡን ለብቻ በባልዲ፣ ልጣጩን አንድ ላም ያላት ጎረቤታችን ትወስደዋለች፣ የቀረውን ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍረን አፈር እያለበስን ነው። ኮንዶ ላይ ላም የለም፣ በብሎኮቹ መሀል ግን ባዶ ቦታ አይጠፋም። ሃይላንዱና ቆርቆሮው ለቆራሌው (በነገራችን ላይ የዚህ ከተማ ትልቁ ሪሳይክል አድራጊ ቆራሌው ነው፣ ማንም ግን ስብሰባ ጠርቶት አያውቅም)። እርጥቡ ሲወጣ የሚቀረው ትንሽ ነው፣ ገንዳው ቶሎ አይሞላም አይሸትም፣ ሰውም ክብሪት ይዞ አይወርድም። ገንዳው የሚነሳበትን ቀን ደሞ ከሰብሳቢ ማህበሩ ጋር በፅሁፍ ተስማሙ፣ በአፍ የተባለ ነገር ክረምት ላይ ይረሳል። ልጅሽን ግን ሳሉ ከሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ ውሰጃት፣ እሱን ለኮሚቴ አትተዪው።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ አያት 49 ነው ምኖረው፣ 12ኛ ክፍል ነኝ። የጂኦግራፊ ቲቸራችን ኢትዮጵያ የምትለቀው ጋዝ ከምንም አይቆጠርም አለን። ታዲያ ያበላሹት ፈረንጆች ሆነው የኛ ከተማ ለምንድነው ቃል ምትገባው? ደሞ የኛ ባቡር በዚህ ነገር ተሸልሞ ያውቃል የሚል አየሁ ውሸት ነው አይደል? አንዳንዴ 40 ደቂቃ ነው ምንጠብቀው
ተማሪው

መልስ፦ ቲቸርህ ልክ ነው። አንድ አሜሪካዊ በአመት በአማካይ ወደ 14 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚለቀው፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅና ከመሳሰለው ሩብ ቶን እንኳን አይሞላም። እዳው የነሱ ነው፣ በዚህ አልከራከርህም፣ ፈተና ላይም እንደዛው ፃፍ።

ግን ከተማዋ ቃል የገባችው ለፈረንጅ ብላ ብቻ ከሆነ ተሳስታለች። የአገሪቱ መኪና አብዛኛው እዚሁ ነው ያለው፣ ነዳጁ በሙሉ ከውጭ በዶላር ይገባል፣ ከዛ አሮጌው ሚኒባስ መገናኛ ላይ ቆሞ ሲያጨሰው የሚታፈነው ያንተ አፍንጫ ነው እንጂ የስቶክሆልም ሰው አይደለም። መብራታችን ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመጣው። ይሄ ለብዙ ሃብታም ከተማ የማይገኝ እድል ነው፣ እነሱ ባቡራቸውን ኤሌክትሪክ ሲያደርጉ ኤሌክትሪኩ ራሱ ከድንጋይ ከሰል ሊሆን ይችላል፣ የኛ ባቡር ግን በግድብ ውሃ ነው የሚሄደው።

ሽልማቱ ውሸት አይደለም። ቀላል ባቡሩ መስከረም 2008 ዓ.ም ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ ባለው መስመር ጀመረ፣ ያንተ ከአያት ጦር ሃይሎች የሚሄደው ትንሽ ቆይቶ ተከተለ፣ በድምሩ 34 ኪሎሜትር ገደማ፣ 475 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር። ህዳር 2009 ዓ.ም ላይ ሲ40 ሜክሲኮ ሲቲ ባደረገው ጉባኤ በትራንስፖርት ዘርፍ ሸለመው። እኔ ያኔ በጣም ነው የኮራሁት፣ አልዋሽህም፣ ጓደኞቼን እየደወልኩ ነበር የነገርኳቸው።

ከዛስ? 41 ባቡር ነበር የገባው፣ እያደር በመለዋወጫ እጥረት እየቆሙ ግማሹ እንኳን የማይሰራበት ጊዜ መጣ፣ 40 ደቂቃህ ከዛ የመጣ ነው። የቆመ ባቡር ካርቦን አይቀንስም፣ ተሳፋሪው ተስፋ ቆርጦ ሚኒባስ ውስጥ ተመልሶ ይገባል። እና ይሄ የከተሞች ሽልማት ነገር አንድ የማይዋጥልኝ ቦታ አለው፣ ሪባን ሲቆረጥ ይሸልማሉ፣ ከአስር አመት በኋላ ተመልሶ "ስንቱ ይሄዳል?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ትብብር ካሉ አይቀር ብሎን እንዴት እንደሚገኝ፣ ጎማው ሲበላ ከማን እንደሚገዛ፣ እሱን ይተባበሩ። ባቡር ያላቸው የአፍሪካ ከተሞች መለዋወጫ አብረው ቢያዙ ለምሳሌ፣ ከምርጥ ንግግር ሁሉ ይበልጥብኛል። እስከዛው ቶሎ ተነስ፣ ማትሪክ ደርሷል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ለገጣፎ ከሰላሳ አመት በላይ ኖሬያለሁ፣ ዘመዶቼ ሰንዳፋ በኩል ገበሬዎች ናቸው። ከተሞች ተባበሩ ትላላችሁ፣ ፓሪስና ቶኪዮ ድረስ ትሄዳላችሁ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሰንዳፋ ሲመጣ ግን ገበሬውን ከልቡ ያማከረው ማነው? ጎረቤት ከትብብር አይቆጠርም?
የተበሳጨ ሽማግሌ

መልስ፦ አባቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ከዚህ ወር ጥያቄዎች ሁሉ እርስዎ የነኩት ነው ትልቁ።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ቆሼ ስለሞላ ሰንዳፋ ላይ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ ዘመናዊ የቆሻሻ መቅበሪያ ተሰርቶ በ2008 ዓ.ም ስራ ጀመረ። ወራት እንኳን በቅጡ ሳይቆይ የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውና ውሃው ጎዳን ብለው ተቃወሙ፣ መቅበሪያው ተዘጋ፣ መኪናዎቹ ዞረው ቆሻሻውን መልሰው እዛው ቆሼ ላይ መድፋት ጀመሩ። ይሄ እንግዲህ ክረምት ላይ ነው። ህዳር ላይ ሜክሲኮ ሲቲ ተሸለምን፣ መጋቢት ላይ ቆሼ ተናደ። ሁሉም በአንድ አመት ውስጥ። አንዱ ሌላውን አመጣው ብዬ አልፈርድም፣ ክምሩ የ50 አመት ክምር ነው፣ ግን ቀኖቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከሩቅ ከተማ ጋር መስማማት ቀላል ነው አባቴ። ከላይፕዚግ ጋር በፈረንጆቹ ከ2004 ጀምሮ እህትማማች ከተሞች ነን፣ ተጣልተን አናውቅም፣ በምን እንጣላለን? ከሰንዳፋ ጋር ግን ውሃ አለ፣ መሬት አለ፣ ሽታ አለ። እኛ የምንጠጣው ከለገዳዲ ከናንተ በኩል የመጣ ውሃ ነው፣ የሸገር ከተማ ዙሪያችንን ነው ያለው፣ ቡራዩም ሰበታም ሱሉልታም ገላንም ጠዋት ወደኛ ይመጣል ማታ ይመለሳል፣ የኛ የአቃቂ ወንዝ ደሞ የኛን ጉድፍ ይዞ ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳል። ከለገጣፎ መገናኛ የሚመላለሰው ታክሲ የሚያጨሰው ጭስ የየትኛው ከተማ ነው? ወሰኑ ላይ ቆሞ አይፈተሽ።

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ፣ ከተሞች በካይ ጋዛቸውን በሚያሰሉበት አለም አቀፍ አሰራር ቆሻሻው ሌላ ቦታ ቢደፋም የሚመዘገበው በአመነጨው ከተማ ነው። ማለትም የአዲስ አበባ ቆሻሻ የትም ቢሄድ በወረቀት የአዲስ አበባ ነው። ወረቀቱ ከኛ የተሻለ ይሉኝታ አለው። አገር አቋርጦ ከሚመጣ አማካሪ በፊት፣ መኪናው ከመነሳቱ በፊት፣ ገበሬው ጋ ተቀምጦ የውሃ ጉድጓዱ በየስንት ጊዜ ይመረመራል፣ ካሳው ስንት ነው፣ የሚመረተው ኮምፖስት ለማን ይሰጣል ብሎ መፈራረም ነበረበት። እኔ ቢሆን እርጥቡን ኮምፖስት አድርጎ ለዙሪያው ገበሬ በነፃ ከመስጠት ነበር የምጀምረው፣ የማዳበሪያ ዋጋ እንደሆነ ያውቁታል። ቆሻሻ ይዞ ከመምጣት ማዳበሪያ ይዞ መምጣት ይሻላል፣ ነገሩ ያው ሆኖ። ዘመዶችዎን ሰላም ይበሉልኝ። እነሱ የሚሉትን ፅፈው ከላኩልኝ በሚቀጥለው እትም ሳልቆርጥ አወጣዋለሁ።

ጥያቄ፦ ብሮ ቱሉ ዲምቱ ባጃጅ ነው ምሰራው። የቤንዚን መኪና እንዳይገባ የተባለው እነዚህ ከንቲባዎች ተስማምተው ነው? ኤሌክትሪክ ባጃጅ ልግዛ ወይስ ልተው?
ባለ ባጃጁ

መልስ፦ ጋሽዬ ከሚለኝ ተማሪ በኋላ ብሮ መባሌ አስደሰተኝ። አይደለም፣ ጥር 2016 ዓ.ም ላይ የተነገረው እገዳ የፌዴራል መንግስት ውሳኔ ነው፣ ዋና ምክንያቱም የነዳጅ ዶላር ነበር። ከንቲባዎቹ የሉበትም።

መግዛቱን በተመለከተ፣ በቀን የምታወጣውን ቤንዚን ለአንድ ሳምንት ፃፈው፣ ከዛ አንድ ኤሌክትሪክ የሚነዳ ጓደኛህን የመብራት ወጪውን ጠይቅና አስተያይ፣ ልዩነቱ ራሱ ያሳምንሃል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኮንዶ አራተኛ ፎቅ ከሆንክ የት ነው ቻርጅ የምታደርገው? ከመስኮት ገመድ እንዳታወርድ ብቻ፣ ክረምት ላይ ሰው ይገላል። ማታ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ጠዋት ስራ የለህም ማለት ነው። ሻጩን ደሞ ባትሪው ሲደክም አዲሱ ስንት ብር ነው፣ እዚሁ አገር የሚጠግነውስ ማነው ብለህ ጠይቀው፣ ከተንተባተበ ሌላ ሱቅ ሂድ።